ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚሰጥ ኬሞቴራፒ፡ ከሦስት ሳምንት ወደ ሁለት ሳምንት

የጡት ካንሰር በዓለም ላይ ሴቶችን ከሚያጠቁ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያመለክተው እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 2 ነጥብ 3 ሚሊዮን ሴቶች በበሽታው መያዛቸው ሲታወቅ፣ 670 ሺህ ሰዎች በዚሁ ሳቢያ ሕይወታቸውን አጥተዋል። (በዚህ ሐተታ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በኢትዮጵያም በሽታው በሴቶች ላይ ከሚታዩ የካንሰር ዓይነቶች የመጀመሪያውን ደረጃ የያዘ መሆኑን በ2011 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ያሳያል። ከታማሚዎቹ መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወደ ሕክምና የሚደርሱት ዕጢው ከገዘፈ፣ ወደ ብብት ንፍፊቶች ወይም ከዚያም አልፎ ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ከተዛመተ በኋላ ነው።

ዕጢው ገዝፎ ገና ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ላልተዛመተባት ታማሚ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በመድኃኒት ነው። ኬሞቴራፒው በቅድሚያ ተሰጥቶ ዕጢው ሲያንስና ከቆዳና ከደረት ጡንቻ ጋር የነበረው መጣበቅ ሲላላ ቀዶ ሐኪሙ ሥራውን ይቀጥላል። መድኃኒቱ በዙር የሚሰጥ ሲሆን፣ በአንዱ ዙርና በተከታዩ መካከል ለበርካታ ዓመታት ሲሠራበት የቆየው ክፍተት ሦስት ሳምንት ነው። ይህ ክፍተት ወደ ሁለት ሳምንት ቢያጥር ምን ይገኛል፣ ምንስ ይጠይቃል የሚለው ጥያቄ ካለፈው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ በአሜሪካና በአውሮፓ አገሮች በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ ሲፈተሽ ቆይቷል። የተገኘው መልስ ከሐኪሙ ባሻገር መድኃኒት የሚገዛውን፣ በጀት የሚመድበውንና ቀጠሮ የሚሰጠውንም አካል የሚመለከት በመሆኑ በቅርብ ሊታይ ይገባል።

የሦስት ሳምንቱ ክፍተት መነሻው የታማሚዋ የአጥንት መቅኒ አቅም ነው። ኬሞቴራፒ በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን ይገድላል። ደምን የሚያመርቱት የመቅኒ ሕዋሳት፣ የፀጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋንም እንዲሁ በፍጥነት የሚባዙ በመሆናቸው አብረው ይጎዳሉ። መድኃኒቱ በተሰጠ ከ10 እስከ 14 ባሉት ቀናት ገደማ ሰውነትን ከኢንፌክሽን የሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ዝቅተኛው መጠን ይወርዳሉ፤ ወደ 21ኛው ቀን ሲቃረብም ያገግማሉ። ሐኪሙ ሦስት ሳምንት የሚታገሠው ይህንን ማገገም በመጠበቅ ነው። ችግሩ በዚያው ጊዜ ውስጥ ካንሰሩም የሚያገግም መሆኑ ነው።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቤንጃሚን ጎምፐርትዝ የሰው ልጅ የሞት መጠን ከዕድሜ ጋር እንዴት እንደሚጨምር ለማስላት በ1825 ያወጣው ቀመር ከረጅም ዓመታት በኋላ የዕጢዎችን እድገት ለመግለጽ ዋለ። በዚህ አረዳድ መሠረት ዕጢ በአነስተኛነቱ ጊዜ ከመጠኑ አንጻር በፍጥነት ይባዛል፤ እየገዘፈ ሲሄድ ግን እድገቱ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ላሪ ኖርተንና ሪቻርድ ሳይመን በ1970ዎቹ ይህንኑ መነሻ በማድረግ፣ እያንዳንዱ የኬሞቴራፒ ዙር ዕጢውን ባሳነሰው ቁጥር የተረፉት ሕዋሳት ከቀድሞው በፈጠነ ሁኔታ መልሰው እንደሚያድጉ አስረዱ። ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ግልጽ ነበር፤ የመድኃኒቱ መጠን ሳይጨምር በዙሮቹ መካከል ያለውን ጊዜ ማሳጠር ብቻውን ጥቅም ሊያስገኝ ይችላል። የጤፍ ማሳውን የሚያርም ገበሬ ይህን ለመረዳት ቀመር አያሻውም። ከመጀመሪያው አረማ የተረፈው አረም ቦታና ብርሃን አግኝቶ ፈጥኖ ስለሚነሳ፣ ሁለተኛው አረማ የሚውልበት ቀን ከመጀመሪያው ባልተናነሰ ያሳስበዋል።

ይሁንና መቅኒው ሳያገግም መድኃኒቱን መድገም ታማሚዋን ለኢንፌክሽን አሳልፎ መስጠት በመሆኑ ሐሳቡ ለዓመታት በወረቀት ላይ ቆየ። ሁኔታውን የለወጠው በአሜሪካ በ1991 በጥቅም ላይ እንዲውል የተፈቀደው ፊልግራስቲም የተሰኘው መድኃኒት ነው። ፊልግራስቲም ራሱ ካንሰርን አያክምም። ከቆዳ ሥር በመርፌ ሲሰጥ መቅኒው ነጭ የደም ሕዋሳትን በፍጥነት እንዲያመርት ያነሳሳል። በዚህም የ21 ቀኑን ጥበቃ ወደ 14 ቀን ማውረድ የሚቻልበት መንገድ ተከፈተ።

የመጀመሪያው ጉልህ ፈተና የተካሄደው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባለው ሕክምና ላይ ነበር። ካንሰርና ሉኪሚያ ግሩፕ ቢ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ቡድን በመራው በዚህ ጥናት፣ ከ1997 እስከ 1999 ባለው ጊዜ ውስጥ በሽታው ወደ ብብት ንፍፊቶቻቸው የተዛመተባቸው 2 ሺህ 5 ሴቶች ተካፈሉ። ለሁሉም የተሰጡት ዶክሶሩቢሲን፣ ሳይክሎፎስፋማይድና ፓክሊታክሴል የተባሉት መድኃኒቶች ሲሆኑ መጠናቸውም አንድ ዓይነት ነበር። ልዩነቱ ግማሾቹ በየሦስት ሳምንቱ፣ ግማሾቹ ደግሞ በፊልግራስቲም እየተደገፉ በየሁለት ሳምንቱ መውሰዳቸው ነው። በ2003 በታተመው ውጤት መሠረት በአራት ዓመት ውስጥ በሽታው ሳያገረሽባቸው የቆዩት በሁለት ሳምንቱ ሰሌዳ 82 በመቶ፣ በሦስት ሳምንቱ 75 በመቶ ሆኑ። ብዙዎችን ያስገረመው ሌላው ግኝት፣ ከፍተኛ የነጭ ደም ሕዋስ መመናመን በፈጣኑ ሰሌዳ ላይ በነበሩት ሴቶች ዘንድ አንሶ መታየቱ ነው። ምክንያቱም መርፌው የሚሰጠው ለእነርሱ በመርሐ ግብር ነበርና። በአንጻሩ የደም ማነስ በፈጣኑ ሰሌዳ ላይ የበዛ ሲሆን፣ ደም መውሰድ ያስፈለጋቸው ታማሚዎችም ነበሩ።

እነዚህ ሴቶች ዕጢው አስቀድሞ በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው በመሆናቸው ሐኪሞቹ መድኃኒቱ እየሠራ ስለመሆኑ በዓይን የሚያዩት ነገር አልነበረም። ውጤቱ የሚታወቀው ዓመታት ጠብቆ ማን እንዳገረሸባትና ማን እንዳላገረሸባት በመቁጠር ነው። ኬሞቴራፒው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሲሰጥ ግን ዕጢው በሐኪሙ እጅ ሥር ስለሚቆይ ማነሱ በየዙሩ ይለካል። በቀዶ ሕክምናው ዕለት የወጣው የሥጋ ናሙናም በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ሕይወት ያለው የካንሰር ሕዋስ ተርፎ እንደሆነ ይታያል። ምንም ካልተገኘ ባለሙያዎቹ የተሟላ ምላሽ ይሉታል። ስለዚህም አዳዲስ ሰሌዳዎችን ከቀዶ ሕክምና በፊት መፈተን የዓመታትን ጥበቃ ወደ ወራት የሚያወርድ መስሎ ታየ።

ለዚህ አሠራር መሠረት የሆነው በአሜሪካ ከ1988 እስከ 1993 ታካሚዎች የተመዘገቡበትና 1 ሺህ 523 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ነው። አራት ዙር ኬሞቴራፒ ለገሚሶቹ ከቀዶ ሕክምና በፊት፣ ለገሚሶቹ በኋላ ተሰጠ። በቅድሚያ የወሰዱት ላይ ዕጢው ከአምስቱ በአራቱ ሴቶች በግልጽ ያነሰ ሲሆን፣ ጡታቸው ሙሉ በሙሉ ሳይቆረጥ ዕጢው ብቻ የወጣላቸው ሴቶች ድርሻም ከ60 ወደ 68 በመቶ አድጓል። በሕይወት መቆየትን በሚመለከት ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልታየም። በ2018 የታተመ የ10 ጥናቶችና የ4 ሺህ 756 ሴቶች የጋራ ትንተናም ይህንኑ አረጋግጦ አንድ ማሳሰቢያ ጨምሯል። በ15 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ በዚያው በጡቱ አካባቢ የተመለሰባቸው፣ ኬሞቴራፒውን አስቀድመው ከወሰዱት 21 ነጥብ 4 በመቶ፣ ዘግይተው ከወሰዱት ደግሞ 15 ነጥብ 9 በመቶ ሆነዋል። ዕጢው አንሷል ተብሎ ቀዶ ሕክምናውን ማሳነስ ወይም መተው ዋጋ እንደሚያስከፍል ይህ አኃዝ ያሳያል።

ፈጣኑ ሰሌዳ ከቀዶ ሕክምና በፊት ሲፈተንስ ምን ተገኘ? ለኢትዮጵያ ታማሚዎች ሁኔታ ይበልጥ የሚቀርበው በአውሮፓና በካናዳ ተካሂዶ በ2003 የታተመው ጥናት ነው። ተሳታፊዎቹ በሽታው በጡትና በብብት አካባቢ የገፋባቸው 448 ሴቶች ነበሩ። ገሚሶቹ ስድስት ዙር ኬሞቴራፒን በየወሩ፣ ገሚሶቹ ደግሞ ስድስቱን ዙር በፊልግራስቲም ድጋፍ በየሁለት ሳምንቱ ወሰዱ። በሽታው ሳይባባስ የቆየበት ጊዜ በሁለቱም ወገን ተመሳሳይ ሆነ። አጥኚዎቹ የተሻለ ውጤት ጠብቀው ስለነበር ጥናቱ ያልተሳካ ተብሎ ተመዘገበ። ከአስተዳደር አኳያ ለሚያየው ሰው ግን ስድስት ወር የሚፈጀው ሕክምና በሦስት ወር ተጠናቆ እኩል ውጤት መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለም።

በጀርመን የተደረጉት ሁለት ጥናቶች ነገሩን ይበልጥ አወሳሰቡት። በመጀመሪያው 668 ሴቶች ተሳትፈው፣ ኤፒሩቢሲንና ፓክሊታክሴል በየሁለት ሳምንቱ በተሰጣቸው ወገን የተሟላ ምላሽ 18 በመቶ ሲደርስ በሦስት ሳምንቱ ሰሌዳ 10 በመቶ ላይ ቆመ፤ በሽታው ሳያገረሽ የመቆየቱም ነገር በፈጣኑ ሰሌዳ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በሁለተኛው ጥናት ከተካፈሉት 733 ሴቶች መካከል ደግሞ የተሟላ ምላሽ በፈጣኑ 18 ነጥብ 7፣ በመደበኛው 13 ነጥብ 2 በመቶ ቢሆንም፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲታይ በማገርሸትም ሆነ በሕይወት በመቆየት ረገድ እርግጠኛ ሊያደርግ የሚችል ልዩነት አልተገኘም። በተጨማሪም በሁለቱም ጥናቶች ፈጣኑን ሰሌዳ የተከተሉት ሴቶች በየዙሩ የወሰዱት የመድኃኒት መጠንም ከፍ ያለ ነበር። በመሆኑም የታየው ለውጥ ከፍጥነቱ ይሁን ከመጠኑ መጨመር ለይቶ መናገር አይቻልም።

በማይክሮስኮፕ የሚታየው ፈጣን ውጤትና የታማሚዋ ዕድሜ ሁልጊዜ አብረው እንደማይጓዙ አስቀድሞም ታይቶ ነበር። በአሜሪካ 2 ሺህ 411 ሴቶችን ባሳተፈው ሌላ ጥናት ዶሴታክሴል የተባለው መድኃኒት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሲጨመር የተሟላ ምላሽ ከ13 ነጥብ 7 ወደ 26 ነጥብ 1 በመቶ፣ ማለትም ወደ እጥፍ ገደማ አደገ። በሕይወት መቆየት ግን አልተለወጠም። ለአንዲት ታማሚ የተሟላ ምላሽ ማግኘት መልካም ዜና መሆኑ አያጠያይቅም፤ እንዲህ ያሉ ሴቶች በሽታው የሚያገረሽባቸው በአነስተኛ ደረጃ ነው። የአንድን ሰሌዳ ብልጫ በዚህ መለኪያ ብቻ መወሰን ግን የግማሽ ዓመት ሪፖርት ይዞ የዓመቱን በጀት እንደመዝጋት ይሆናል።

ለጥያቄው እስካሁን ከተሰጡት መልሶች ሰፊው በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ነው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተባብረው የጡት ካንሰር ተመራማሪዎች ስብስብ የ26 ጥናቶችን፣ የ37 ሺህ 298 ሴቶችን መዝገብ አንድ ላይ መርምሯል። አብዛኞቹ መድኃኒቱን የወሰዱት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ነው። ጠበቅ ባለው ሰሌዳ ከታከሙት በ10 ዓመት ውስጥ በሽታው ያገረሸባቸው 28 በመቶ ሲሆኑ በመደበኛው ሰሌዳ 31 ነጥብ 4 በመቶ ናቸው። በጡት ካንሰር የሞቱትም በቅደም ተከተል 18 ነጥብ 9 እና 21 ነጥብ 3 በመቶ ሆነዋል። ተመሳሳይ መድኃኒት በሁለት ሳምንትና በሦስት ሳምንት የተነጻጸረባቸው ጥናቶች ለብቻቸው ሲታዩ ማገርሸቱ ከ28 ነጥብ 3 ወደ 24 በመቶ ወርዷል። በሌላ ምክንያት የሚደርስ ሞት በፈጣኑ ሰሌዳ አልጨመረም። ጥቅሙም በሆርሞን የሚመራው ካንሰር ላላቸውም ሆነ ለሌላቸው ሴቶች ተቀራራቢ ነው። እርግጥ ውጤቱ በየጥናቱ እኩል አይደለም፤ 4 ሺህ 391 ታማሚዎች የተካፈሉበት የእንግሊዝ ጥናት ኤፒሩቢሲንን ከማፋጠን ያገኘው ጥቅም የለም።

ከመቶ ታማሚዎች ሁለት ወይም ሦስት ተጨማሪ ሰዎችን ከሞት ማዳን አነስተኛ ሊመስል ይችላል። በዚህ የሕክምና መስክ ግን ከፍተኛ ዋጋ የሚጠየቅባቸው አዳዲስ መድኃኒቶች ከዚህ ባልራቀ ብልጫ ይመዘገባሉ። ፍጥነት ባለቤት የለውም፤ ለሽያጭ የሚያቀርበው ኩባንያ የለም። መድኃኒቶቹ የፈጠራ ባለመብትነት ጊዜያቸው ያለፈ ነው። የፊልግራስቲም ተመሳሳይ ምርቶች በአውሮፓ ከ2008 ጀምሮ ለገበያ የቀረቡ ሲሆን፣ መድኃኒቱ በ2015 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

ከቀዶ ሕክምና በፊት መድኃኒት መስጠት በቅርብ ዓመታት ሌላም ትርጉም አግኝቷል። ከዕጢው የተረፈ ካለ ለሚቀጥለው ሕክምና ምልክት ይሆናል። በጃፓንና በደቡብ ኮሪያ 910 ሴቶች የተሳተፉበትና በ2017 የታተመው ጥናት፣ ከኬሞቴራፒ በኋላ የካንሰር ቅሪት የተገኘባቸው ሴቶች ካፔሲታቢን የተባለውን በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ሲጨምሩ በአምስት ዓመት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከ83 ነጥብ 6 ወደ 89 ነጥብ 2 በመቶ ከፍ እንዳለ አመልክቷል። ይህ እንዲሠራ ግን የወጣውን ናሙና በጊዜው መርምሮ ውጤቱን በጽሑፍ የሚሰጥ የፓቶሎጂ ክፍል መኖር አለበት። የላቦራቶሪው መልስ ወራት ከቆየ ከቀዶ ሕክምና በፊት የተደከመበት ሕክምና ከሚሰጠው መረጃ ግማሹ ይባክናል።

ምርምሩ አሁንም አላበቃም። በ2020 ውጤቱ በታወቀው ዓለም አቀፍ ጥናት ፔምብሮሊዙማብ የተባለው የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቃ መድኃኒት ከኬሞቴራፒ ጋር ከቀዶ ሕክምና በፊት ተሰጥቶ፣ ሦስቱም የተለመዱ መለያዎች በሌሉት አስቸጋሪ የጡት ካንሰር ዓይነት ላይ የተሟላ ምላሽን ከ51 ነጥብ 2 ወደ 64 ነጥብ 8 በመቶ አሳድጓል። በ2024 ደግሞ በሕይወት መቆየትን እንደሚጨምር ተረጋግጧል። በጥናቱ ዶክሶሩቢሲን ወይም ኤፒሩቢሲን ከሳይክሎፎስፋማይድ ጋር የተሰጡት በየሦስት ሳምንቱ ነበር። አዲሱ መድኃኒት ባለበት የሁለት ሳምንቱ ሰሌዳ ተጨማሪ ነገር ያስገኝ ይሆን የሚለው በየአገሩ ሐኪሞች የሚያነሱት ጥያቄ ነው።

ይህ ሁሉ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ መጀመሪያ የሚገናኘው ከሒሳብ ጋር ነው። የተለመደው ስምንት ዙር በየሦስት ሳምንቱ ሲሰጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዙር 21 ሳምንት ይፈጃል፤ በየሁለት ሳምንቱ ሲሆን 14 ሳምንት። ሰባት ሳምንት ይተርፋል ማለት ነው። ከክልል መጥታ ከአስታማሚዋ ጋር በሆስፒታል አካባቢ ቤት ተከራይታ ወይም ዘመድ ተጠግታ ለምትታከም እናት ሰባት ሳምንት የኪራይና የቀለብ ወጪ፣ ከቤትና ከእርሻ መለየት ነው። በሌላ በኩል በአሜሪካው ጥናት ፊልግራስቲም በእያንዳንዱ ዙር ከ3ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ሰባት ጊዜ ይሰጥ ነበር። በስምንት ዙር 56 መርፌ ይሆናል። በዙር አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጋ ረጅም ጊዜ የሚሠራ ዓይነት ቢኖርም ዋጋው የተለየ ነው።

መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ይኖርበታል። ይህ የሙቀት ልክ በየጤና ጣቢያው ላሉ ባለሙያዎች አዲስ አይደለም፤ አብዛኞቹ የሕፃናት ክትባቶች የሚቀመጡትም በዚሁ ነው። ሆኖም የክትባት ማቀዝቀዣዎች ለክትባት የተመደቡ በመሆናቸው መርፌውን በታማሚዋ አቅራቢያ ለመስጠት ቢታሰብ የት ይቀመጣል፣ ማን ይወጋል፣ ማንስ ይመዘግባል የሚለው አስቀድሞ ውሳኔ የሚሻ ጉዳይ ነው። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት የደም ምርመራ መደረግ አለበት። በዙሮቹ መካከል የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ቢደርስ ኢንፌክሽን መሆኑ ተጠርጥሮ በአፋጣኝ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት መጀመር ይኖርበታል። የወባ በሽታ ባለበት ወረዳ ኬሞቴራፒ ላይ ያለች ሴት ትኩሳት ይዟት ስትመጣ የወባ መድኃኒት ብቻ ተሰጥቷት ብትመለስ በሰዓታት ውስጥ ሕይወቷ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሕክምናውን የሚሰጠው ሆስፒታልና የታማሚዋ ጤና ጣቢያ በስልክ እንኳ የሚገናኙበት መንገድ ከሌለ ፈጣኑ ሰሌዳ ከጥቅሙ አደጋው ሊያመዝን ይችላል።

ከሁለት ሳምንቱ በፊት ግን የሦስት ሳምንቱ ሰሌዳ ራሱ በተባለው ቀን ይፈጸማል ወይ የሚለው መታየት አለበት። ጣሊያናዊው ሐኪም ጃኒ ቦናዶናና ባልደረቦቹ በሚላን የታከሙ ሴቶችን ለ20 ዓመት ተከታትለው በ1995 ባወጡት ጽሑፍ፣ ከታቀደላቸው የኬሞቴራፒ መጠን 85 በመቶና ከዚያ በላይ የወሰዱት ከፍተኛ ተጠቃሚ ሲሆኑ ከ65 በመቶ በታች ያገኙት ያተረፉት ነገር እንደሌለ ገልጸዋል። የተሻለ ጤንነት ያላቸው ሴቶች የበለጠ መድኃኒት መውሰድ ይችላሉና ንጽጽሩ ፍጹም አይደለም። ቢሆንም ከፈጣኑ ሰሌዳ ጥናቶች ጋር አብሮ ሲነበብ የሚያመላክተው አቅጣጫ አንድ ነው። በዙሮች መካከል ያለው ጊዜ የመድኃኒቱ አካል ነው። መድኃኒት ከመጋዘን በማለቁ አንድ ዙር በሁለት ሳምንት ሲዘገይ የሦስት ሳምንቱ ሰሌዳ የአምስት ሳምንት ይሆናል፤ ተመራማሪዎች አንድ ሳምንት ለመቀነስ ሃያ ዓመት በደከሙበት መስክ ሁለት ሳምንት ያለምንም ጥናት ተጨመረ ማለት ነው። ኬሞቴራፒ በዙር የሚሰጥ እንደመሆኑ የመድኃኒት ግዥም በዓመታዊ የጥቅል ቁጥር ብቻ ሳይሆን በተጀመሩ ታማሚዎችና በቀሯቸው ዙሮች ሊሰላ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። አንዲት ሴት ሕክምናውን ስትጀምር የቀሪዎቹ ሰባት ዙሮች መድኃኒት በስሟ የተያዘ መሆን ይኖርበታል።

በአገልግሎቱ መስፋፋት ረገድ ለውጥ አለ። ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ሆኖ ከቆየ በኋላ ጅማን ጨምሮ ከአዲስ አበባ ውጭም አገልግሎቱ ተጀምሯል። ኬሞቴራፒም በጎንደር፣ በጅማና በሐዋሳ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ይሰጣል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለብዙ አባወራዎች መድረሱም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን መድኑ የሕክምናውን ዋጋ ቢሸፍን እንኳ የአውቶቡስ መሳፈሪያና የማደሪያ ወጪ በታማሚዋ ላይ ይቀራል። ብዙ ሴቶች ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ዙር በኋላ እብጠቱ ሲጠፋ ድነናል ብለው ወይም ገንዘባቸው አልቆ ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት አጋጣሚ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚሰጥ ኬሞቴራፒ ትልቁ አደጋም ይኸው ነው፤ ዕጢው ሲጠፋ ቀዶ ሕክምናው የማያስፈልግ ይመስላል። በብሔራዊ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው የካንሰር መከላከልና መቆጣጠር ዕቅድ ከ2016 እስከ 2020 ያለውን ጊዜ ያካተተ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ያወጣው ማዕቀፍም አገሮች ምርመራን በ60 ቀናት ውስጥ እንዲያጠናቅቁና ከታማሚዎች 80 በመቶ የሚሆኑት ሕክምናቸውን ሳያቋርጡ እንዲፈጽሙ ይጠይቃል።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ራሱ የሰሌዳው አካል ሆኖ መያዝ ይኖርበታል። በአሜሪካ ቴክሳስ በሚገኘው ኤም ዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል የታከሙ 1 ሺህ 101 ሴቶችን መዝገብ የመረመረውና በ2016 የታተመው ጥናት፣ ከመጨረሻው የኬሞቴራፒ ዙር በኋላ ከስምንት ሳምንት በላይ ቆይተው ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሴቶች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ እንዳገኘው አመልክቷል። በቀዶ ሕክምና ክፍሉ የተራ መጠባበቂያ ዝርዝሩ ረጅም በሆነበት ሆስፒታል ስምንቱ ሳምንት የሚቆጠረው ተራ መያዝ ከተጀመረበት ቀን አይደለም። ታማሚዋ የመጨረሻውን ዙር ወስዳ ከአልጋ ከተነሳችበት ዕለት ነው። ኬሞቴራፒውን የሚሰጠው ክፍልና የቀዶ ሕክምናው ክፍል ቀጠሮ የሚሰጡት በየራሳቸው መዝገብ ከሆነ፣ በፈጣኑ ሰሌዳ የተገኘው የሰባት ሳምንት ትርፍ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ባለው ኮሪደር ላይ ያልቃል። አንዳንድ አገሮች ይህን ለማስቀረት የሚከተሉት አሠራር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። ታማሚዋ የመጀመሪያውን ዙር በምትወስድበት ዕለት ቀዶ ሐኪሟን ታገኛለች፤ በቀጠሮ ካርዷም ላይ ከስምንቱ ዙሮች ቀናት ቀጥሎ የቀዶ ሕክምናዋ ሳምንት ይጻፍላታል።